የማትረጋው መርፌ፦ ከኮምፓስ እስከ ሳተላይት

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር



ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከክፍል በኋላ ቀርቦ፣ በትሕትና ግን በግልጽ አነጋገረኝ። «መምህር፣ ትምህርቱን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ቤተሰቦቼ ‹ፊዚክስ ተምረህ ምን ልትሠራበት ነው?› ሲሉኝ የምመልሰው አጣለሁ» አለኝ። በዚያች ሰዓት የሰጠሁት መልስ ራሴንም አላረካኝም። ስለ ሞባይል ስልክ፣ ስለ ራጅ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ዘርዝሬ አሰናበትኩት። ዝርዝሩ ስሕተት አልነበረበትም፤ ሆኖም የጥያቄውን ሥር አልነካም። የፊዚክስ ግኝቶች ለሰው ልጅ መጥቀማቸውን ያ ተማሪም ሆነ ቤተሰቦቹ ያውቃሉ። ያልተነገራቸው ነገር፣ አንድ ግኝት ጥቅም ላይ እስኪውል ባለው ረጅም ዘመን ውስጥ ማን ምን ይሠራ እንደ ነበር ነው። የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው።

ለመልሱ መነሻ እንድትሆነኝ የመረጥኳት ትንሽዋን የኮምፓስ መርፌ ነው። የመርፌዋ ታሪክ በሁለት መንገድ ሊነገር ይችላል። አንደኛው የታላላቅ ግኝቶች ታሪክ ነው፤ ኧርስቴድ፣ ፋራዴይና ማክስዌል የሚጠሩበት። ሁለተኛው ያን ያህል የማይነገረው፣ መርፌዋ በየሰዓቱ ወዴት እንደ ዞረች እየተመለከቱ በመዝገብ ያሰፈሩ ሰዎች ታሪክ ነው። አንዱ ያለ ሌላው እንዳልተራመደ ለማሳየት እሞክራለሁ። በመንገዳችን መጨረሻም ከራሳችን ሰማይ ሥር እንደርሳለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ምድር ራሷ መግነጢስ

ቻይናዊው ሊቅ ሼን ኩዎ በ1088 ገደማ ባዘጋጀው ድርሰቱ፣ በመግነጢስ ድንጋይ የታሸች መርፌ ወደ ደቡብ እንደምታመለክት፣ ነገር ግን ከትክክለኛው ደቡብ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል እንደምትል መዝግቧል። ይህችን ጥቂት ዝንባሌ ልብ በሉልኝ፤ የዛሬው ታሪካችን በሙሉ ከእርሷና ከመሰሎቿ የሚመዘዝ ነው።

ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1600፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት ስለ መግነጢስ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ። በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች አንዳንዶቹ መርፌዋን የሚስባት የሰሜን ኮከብ ነው፣ ሌሎቹ ደግሞ በሰሜን ዳርቻ ያለ የመግነጢስ ተራራ ነው ይሉ ነበር። ጊልበርት ከመግነጢስ ድንጋይ ኳስ አስቀርጾ ትናንሽ መርፌዎችን በላዩ ላይ እያዘዋወረ ተመለከተ። መርፌዎቹ በኳሱ ላይ ያሳዩት ዝንባሌ በምድር ላይ ከሚያሳዩት ጋር ስለ ተመሳሰለ፣ ምድር ራሷ ታላቅ መግነጢስ ናት ሲል ደመደመ።

ይሁንና ጊልበርት በአንድ ነገር ተሳስቷል። በአንድ ቦታ ላይ የመርፌዋ ዝንባሌ በዘመናት ብዛት አይለወጥም ብሎ ያምን ነበር። ስሕተቱን ያጋለጠው የቆየ መዝገብ ነው። ለንደን ውስጥ በ1580 የተለካው ዝንባሌ 11 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ነበር። ሄንሪ ጌሊብራንድ በ1634 በዚያው አካባቢ ሲለካው ወደ 4 ዲግሪ ወርዶ አገኘው። የጌሊብራንድ ግኝት የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ቁጥሩን በጥንቃቄ ጽፎ ያኖረው ሰውም ድርሻ ነበረው። ያ ሰው ሲጽፍ፣ ቁጥሩ ወደፊት ለምን እንደሚያስፈልግ አያውቅም ነበር።

የማይጠቅም የመሰለ ንቅናቄ

በ1722 ለንደን ውስጥ ሰዓትና የመለኪያ መሣሪያ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ግራሃም ረጅም መርፌ አዘጋጅቶ በትዕግሥት ይመለከታት ጀመር። መርፌዋ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ አንድ ቦታ አትረጋም ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ከአንድ ዲግሪ በሚያንስ መጠን ወዲያና ወዲህ ትላለች። ግራሃም መጀመሪያ መሣሪያውን ቢጠራጠርም፣ ምልከታውን ደጋግሞ ንቅናቄው እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠ።

እንዲህ ያለ ጥቃቅን ንቅናቄ ለመርከበኛ ምንም አይረባውም። መርከቡ በማዕበል ሲናጥ መርፌዋ ከዚያ እጅግ በሚበልጥ መጠን ትወዛወዛለች። ግራሃምም ቢሆን ለንቅናቄው ምክንያት መስጠት አልቻለም። ሆኖም መዘገበው፤ ሌሎችም ተከተሉት። በስዊድን፣ በኡፕሳላ ከተማ፣ በቴርሞሜትር ስሙን የምናውቀው አንደርስ ሴልሺየስና ባልደረባው ኦሎፍ ሂዮርተር በሺሕ የሚቆጠሩ ምልከታዎችን አደረጉ። በ1741 ደግሞ የሰሜን ዋልታ ብርሃን በሰማይ ላይ ሲታይ መርፌዋ እንደምትታወክ አስተዋሉ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል 5 ቀን በኡፕሳላ መርፌዋ ስትታወክ፣ ለንደን ላይ የግራሃም መርፌም ታውካ ነበር። አንዱ ከሌላው ከሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ሳሉ ሁለት መርፌዎች በአንድ ቀን መታወካቸው፣ መንሥኤው ከአንድ ክፍል ወይም ከአንድ ከተማ የሰፋ መሆኑን አመለከተ።

ከሽቦ ወደ ሞገድ

የተነገረለት ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1820 ኮፐንሃገን ውስጥ ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚፈስበትን ሽቦ ወደ ኮምፓስ ሲያስጠጋ መርፌዋ ዞረች። ሁለት የተለያዩ ይመስሉ የነበሩ ነገሮች፣ ኤሌክትሪክና መግነጢስ፣ ዝምድናቸው ተገለጠ። በ1831 ማይክል ፋራዴይ የዚህን ግልባጭ አገኘ፤ የሚለዋወጥ መግነጢስ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ዛሬ በውኃ ኃይል፣ በነፋስም ሆነ በእንፋሎት የሚዞር እያንዳንዱ ኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚሠራው በዚህ ሕግ ነው።

የዚህ ታሪክ ሁለት ጅረቶች በግልጽ የተገናኙት ግን በጀርመን፣ በጌቲንገን ከተማ ነው። የሒሳብ ሊቁ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስና የፊዚክስ ሊቁ ቪልሄልም ቬበር የምድርን መግነጢስ ለመለካት አብረው ይሠሩ ነበር። በ1833 የሥራ ክፍሎቻቸውን፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የሚራራቁትን፣ በሽቦ አገናኝተው መልእክት መላላክ ጀመሩ። ፊደሉ የሚነበበው ተንጠልጥሎ ከነበረ የመግነጢስ ዘንግ ንቅናቄ ነበር። ቴሌግራፍ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ፣ ለሌላ ዓላማ ከተሠራ የመለኪያ መሣሪያ አጠገብ አደገ ማለት ነው። ጋውስ በልዩ ልዩ አገሮች በአንድ ሰዓት የሚለኩ ጣቢያዎችን ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ሲሆን፣ ከተሰበሰቡት ቁጥሮች በመነሣት የምድር መግነጢስ አብዛኛው ከምድር ውስጥ እንደሚመነጭ በሒሳብ አሳየ።

ቴሌግራፍ ዓለምን አዳርሷል። በአፄ ምኒልክ ዘመንም የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ሐረርን ከአዲስ አበባ አገናኝቷል። ይሁን እንጂ አዲሱ ጥቅም አዲስ ችግር ይዞ መጣ። በሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን በፀሐይ ፊት ላይ ድንገተኛ ብልጭታ አየ። ከ17 ሰዓታት ያህል በኋላ በመላው ዓለም መርፌዎች ክፉኛ ታወኩ፤ የቴሌግራፍ መስመሮች ተስተጓጎሉ፤ በአንዳንድ ቦታም ባትሪ ሳይገጠምላቸው ሠሩ። ግራሃም ያያት ትንሽ ንቅናቄ የተቋማትና የመንግሥታት ጉዳይ ሆነች።

የዕለታዊው ንቅናቄ ምክንያት ግን ገና አልታወቀም ነበር። በ1882 ባልፎር ስቱዋርት አንድ ደፋር ሐሳብ አቀረበ። ከከባቢ አየር በላይኛው ክፍል የኤሌክትሪክ ፍሰት አለ፤ መርፌዋን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሳት እርሱ ነው አለ። በዚያ ዘመን ወደዚያ ከፍታ ማንም ሊደርስ አይችልም፤ ማስረጃው የመርፌዎች መዝገብ ብቻ ነበር።

ማስረጃው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1865 ባሳተመው ሥራው፣ ኤሌክትሪክና መግነጢስ ተያይዘው በሞገድ መልክ እንደሚጓዙ በሒሳብ አሳይቶ ነበር። ሄንሪክ ሄርትዝ በ1887 እና በ1888 ሞገዱን በቤተ ሙከራ አመነጨው። በዲሴምበር 12 ቀን 1901 ደግሞ ጉሊየልሞ ማርኮኒ ከእንግሊዝ የተላከ የሬዲዮ ምልክት አትላንቲክን ተሻግሮ ኒውፋውንድላንድ ላይ መሰማቱን አስታወቀ። ይህ ሊቃውንቱን አስደነቀ፤ አስቸገረም። የሬዲዮ ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ከሆነ፣ ምድር ደግሞ ክብ ከሆነች፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንዴት ታጠፈ? በ1902 አርተር ኬኔሊና ኦሊቨር ሄቪሳይድ፣ በየፊናቸው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ንብርብር በሰማይ ላይ አለ፤ ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው እርሱ ነው አሉ። ስቱዋርት ከመርፌዋ የገመተው ንብርብር በሬዲዮ በኩል እንደገና ተገመተ።

ኤድዋርድ አፕልተን በ1924 መገባደጃ ከአንድ የሬዲዮ ማሠራጫ የተላከ ሞገድ ከንብርብሩ ተንጸባርቆ ሲመለስ ለካው፤ ከፍታውም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ለዚህ ሥራው በ1947 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ግሪጎሪ ብራይትና መርል ቱቭ ደግሞ አጫጭር ምልክቶችን ወደ ሰማይ እየላኩ የመመለሻ ጊዜያቸውን በመለካት ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። አይሮፕላንን ከሩቅ የሚያየው ራዳር የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህን ንብርብር ዛሬ አዮኖስፌር እንለዋለን።

ከመግነጢሳዊው ወገብ ሥር

አሁን ወደ ራሳችን እንቅረብ። የምድር መግነጢስ መስክ በዋልታዎች አካባቢ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ቀጥ ይላል፤ በመካከለኛው ቀበቶ ግን አግድም ይተኛል። በትክክል አግድም የሚተኛበትን መስመር መግነጢሳዊ ወገብ እንለዋለን። ይህ መስመር ከመልክዓ ምድራዊው የምድር ወገብ ጋር አንድ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ በፔሩ ላይ ያልፋል፤ በአፍሪካ ደግሞ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ በአገራችን በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል።

በ1922 በፔሩ ተራሮች መካከል፣ ዋንካዮ በተባለ ስፍራ፣ የመግነጢስ ልኬት ጣቢያ ተከፈተ። እዚያ የታየው ዕለታዊ ንቅናቄ ከዚያ ቀደም በሌሎች ጣቢያዎች ከሚታወቀው በእጅጉ የበለጠ ሆነ። ሲድኒ ቻፕማን በ1951 ለዚህ ክስተት የዛሬ ስሙን፣ የወገብ ኤሌክትሮጄት የሚለውን፣ ሰጠው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። በ105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ የፀሐይ ብርሃን አየሩን ወደ ኤሌክትሮንና ወደ አዮን ይለያያል። ከባዶቹ አዮኖች ከአየሩ ጋር እየተጋጩ ሲያዙ፣ ቀላሎቹ ኤሌክትሮኖች ግን መግነጢሱ በሚመራቸው መንገድ በነጻነት ይጓዛሉ። ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ ያቀና የኤሌክትሪክ መስክ በዚያ ይኖራል። መግነጢሱ አግድም በተኛበት በወገቡ ላይ ይህ መስክ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ንብርብሩ ስስ ስለሆነ ግን ብዙ ሊወጡ አይችሉም፤ ከላይ ይከማቻሉ። ክምችታቸው ከታች ወደ ላይ ያቀና አዲስና ብርቱ መስክ ይፈጥራል፤ እርሱም በተራው ኤሌክትሮኖቹን ወደ ምዕራብ ይነዳቸዋል። ኤሌክትሮኖች ወደ ምዕራብ ሮጡ ማለት የኤሌክትሪክ ፍሰቱ ወደ ምሥራቅ ነው ማለት ነው። እነሆ በቀትር፣ እኛ ምሳ በምንበላበት ሰዓት፣ ከራሳችን በላይ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች የሚሰፋ የኤሌክትሪክ ወንዝ ይፈስሳል። በመሬት ላይ ያለ መሣሪያ የሚያየው ከአካባቢው መስክ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ለውጥ ነው።

ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 በዓለም ዙሪያ ከ60 የሚበልጡ አገሮች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተካሄደ። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ የመጠቀውም በዚሁ ወቅት ነው። በዚህ ዘመን ነበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባት በፒየር ጉዊን መሪነት፣ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያው የተመሠረተው። ቦታው ከመግነጢሳዊው ወገብ እጅግ የቀረበ በመሆኑ፣ እዚህ የሚለካው ሌላ ቦታ ሊለካ አይችልም ነበር።

ጣቢያው ከመግነጢስ ጋር የመሬትን መንቀጥቀጥም መመዝገብ ያዘ። በ1961 የካራቆሬ፣ በ1969 የሰርዶ ርዕደ መሬቶች ሲከሠቱ መዝጋቢ መሣሪያ በአገር ውስጥ ነበረ። ጉዊን በ1979 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። መሐንዲስ በስምጥ ሸለቆ ዳር ሕንፃ ሊያቆም ሲያስብ ምን ያህል መንቀጥቀጥ መቋቋም እንዳለበት የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን መዝገብ ነው።

ከመርፌዋ ወደ ሳተላይቱ

ወደ ዛሬ ልምጣ። በስልካችን ያለንበትን ቦታ የሚነግረን የጂፒኤስ ምልክት ከ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይነሣል። ወደ እኛ ሲመጣ በአዮኖስፌር ውስጥ ማለፍ ግዴታው ነው፤ እዚያም ይዘገያል። መዘግየቱ ካልታረመ የቦታ ስሕተቱ ሜትሮችን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዐሥር ሜትር በላይ ይሆናል። መንገደኛ ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ ለማረፍ ለሚያቆለቁል አይሮፕላን ግን ብርቱ ጉዳይ ነው። ችግሩ ከሚከብድባቸው ቀጠናዎች አንዱ የእኛው ነው። ኤሌክትሮጄትን የሚፈጥረው ያው የምሥራቅ መስክ ከፍ ባለው ሰማይ የኤሌክትሮኖችን ክምችት ወደ ላይ እያነሣ ከወገቡ በስተሰሜንና በስተደቡብ ያፈስሰዋል። ፀሐይ ከገባች በኋላም ንብርብሩ ይታወካል፤ የሳተላይት ምልክትም ይርገበገባል፤ አልፎ አልፎም ይቋረጣል።

አሁን የመርፌዋን ብድር እንመልከት። ከመግነጢሳዊው ወገብ ሥር ያለ አንድ መሣሪያና ከወገቡ ጥቂት ዲግሪዎች የራቀ ሌላ መሣሪያ በአንድ ሰዓት የለኩት ሲነጻጸር፣ ልዩነቱ የኤሌክትሮጄቱን ብርታት ይነግረናል። ከዚያም ኤሌክትሮኖቹ ወደ ላይ የሚነሡበትን ፍጥነት መገመት ይቻላል። መሬት ላይ የተቀመጠ መሣሪያ፣ የግራሃም መርፌ የልጅ ልጅ፣ ሳተላይት የሚያልፍበትን ሰማይ ሁኔታ ያስረዳል ማለት ነው። በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መስክ የሚደረገው ምርምር የዚህ ረጅም ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ነው።

የኃይል መስመሮችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በማርች 13 ቀን 1989 የመግነጢስ ማዕበል የካናዳን የኩቤክ ክፍለ ሀገር የኤሌክትሪክ መረብ ጥሎ፣ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለዘጠኝ ሰዓታት ገደማ ያለ መብራት ቀርተዋል። የፋራዴይ ሕግ ለእኛ እንደሚሠራልን ሁሉ፣ በእኛም ላይ ይሠራብናል።

ለተማሪው መልስ

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ሀብት በሌለው አገር፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ሊጠቅም ይችላል እየተባለ ቁጥር መልቀም ቅንጦት አይደለምን?» የሚል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። እያንዳንዱ ምልከታ ፍሬ ያፈራል ብዬ አልከራከርም፤ ብዙ መዝገቦች ማንም ሳይገልጣቸው ቀርተዋል። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። ያልተነበበ መጽሐፍ ነገ ይነበባል፤ ያልተሠራ ስሌት ነገ ይሠራል፤ ያልተለካ ቀን ግን ተመልሶ አይለካም። የ1859 ማዕበል ዛሬ የሚጠናው በዚያ ዕለት መሣሪያው ሥራ ላይ ስለ ነበረና ተረኛው ስላልተኛ ነው። ከእኛ ሰማይ በላይ ትናንት ያለፈውን ሌላ አገር ሊለካልን አይችልም፤ ዛሬ ካልለካነውም እኛ ራሳችን ነገ አንለካውም።

መዝገብ የሚጠፋው በገንዘብ እጦት ብቻ አይደለም። በለንደን ዳርቻ የነበረው የኪው ምልከታ ጣቢያ የመግነጢስ ሥራውን ወደ ስኮትላንድ፣ ወደ ኤስክዴልሙር፣ ለማዛወር የተገደደው የከተማው ኤሌክትሪክ ባቡሮች መርፌዎቹን ስላወኩ ነው። አዲሱ ጣቢያ በ1908 ተከፈተ። ከመርፌዋ የተገኘው ጥቅም መርፌዋን ከቤቷ አስወጣት። ከተሞቻችን በባቡር ሐዲድ፣ በሕንፃና በኃይል መስመር በሞሉ ቁጥር ይህ ጥያቄ የእኛም ይሆናል። የመለኪያ ጣቢያ ፀጥታ የተጠበቀ ቦታ፣ የማይቋረጥ ጥገና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራውን ተቀብሎ የሚያስረክብ ሰው ይፈልጋል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል አባባላችን። አባባሉ የማያነሣት ግን ታቅፋ የተቀመጠችውን ዶሮ ነው። በፊዚክስ ታሪክ ኧርስቴድና ማክስዌል ይታወሳሉ፤ ሊታወሱም ይገባል። በ1580 አንድ ቁጥር በጥንቃቄ የጻፈው፣ በኡፕሳላ ሌሊቱን ነቅቶ መርፌዋን ያየው፣ በአዲስ አበባ የመመዝገቢያውን ወረቀት በየዕለቱ የቀየረው ሠራተኛ ግን አብረው ሊታወሱ ይገባል። ከእነርሱ አንዱ ሥራውን አቋርጦ ቢሆን ኖሮ በታሪካችን ሰንሰለት ላይ የሚጎድል ቀለበት ነበረ።

ስለዚህ ያ ተማሪ ዛሬ እዚህ ካለ፣ ለቤተሰቦቹ እንዲህ ብሎ ሊመልስ ይችላል። ከእኔ በፊት የነበሩት የለኩትን እኔ እጠቀምበታለሁ፤ በስልኬ፣ በመብራቴ፣ በምሳፈርበት አይሮፕላን። እኔ የምለካውን ማን እንደሚጠቀምበት አላውቅም፤ እነርሱም አያውቁም ነበር። የምለካበት ሰማይ ግን በእኛ ላይ ያለ ነው፤ ሌላ የሚለካልን የለም።